«ይቅናህ» ሽያጭ አይደለም፦ ገንዘብ ሳያወጡ የንግድ ሐሳብን እንዴት መፈተን ይቻላል?

ጎጃም ውስጥ የንግድ ሐሳብ ይዞ ሰው ፊት የቀረበ ወጣት ሁሉ «ጥሩ ነው፣ ይቅናህ» ተብሎ ይመለሳል። እኔም ቡሬ ላይ ነቀዝ የማያስገባ የእህል ከረጢት ልሸጥ በተነሳሁበት ዓመት 20 ያህል ሰው መርቆኛል። ከመረቁኝ አንዱም አልገዛኝም። ሰው ዋሽቶኝ አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። ስለዚህ ምርቃት የማያመጣ ጥያቄ መማር ነበረብኝ።

1. ግምታችሁን ጻፉ። የእኔ «ገበሬው በቆሎውን እስከ ክረምት ማቆየት ይፈልጋል፤ ነቀዝ ስለሚፈጅበት ግን ቶሎ በርካሽ ይሸጣል» የሚል ነበር። ሥራው ሁሉ የቆመው በዚህች ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ከሥሯ ደግሞ «ከ10 ሰው 3 ካልከፈሉኝ እተወዋለሁ» ብላችሁ ቁርጥ አድርጉ። ኋላ ሰበብ አይጠፋምና አስቀድማችሁ ጻፉት።

2. ችግሩ ያለበትን ሰው ፈልጉ። ዘመድና ጓደኛ ይቅር። እኔ በመጀመሪያው ዙር ገበያ ላይ ያገኘኋቸውን ወንዶች ብቻ ነው ያነጋገርኩት፤ ጓዳ ገብታ እህሉን በየቀኑ የምታየው ግን እመቤቲቱ ናት። ይህ ስህተት አንድ ወር በላብኝ።

3. ስለ አምና ጠይቁ፣ ስለ ሐሳባችሁ ዝም በሉ። «ነቀዝ የማያስገባ ከረጢት ቢመጣ ይገዛሉ?» ማለት ምርቃት መለመን ነው። ከቡሬ ወጣ ብሎ አንዲት እናት ቤት ቡና ላይ ተቀምጬ «እማማ፣ ያምናው በቆሎ የት ደረሰ?» አልኳቸው።

«ግማሹ በጥር ተሸጠ ልጄ፤ ልጃችንን ድረን ነበር።»

ነቀዝ አይደለም፣ ሠርግ! ግምቴ እዚያው ተሰበረ። ዝም ብዬ ሳዳምጥ ግን ተነስተው ከጓዳ አንድ ጆንያ ጎተቱና እጃቸውን ሰደዱበት። ሲያወጡት እስከ አንጓቸው ነጭ ዱቄት ለብሷል። «ይኸ ደግሞ ለክረምት ያልነው ነበር» አሉኝ። ከዚያ በፊት ምን እንደሞከሩ፣ ስንት እንዳወጡበት ጠየቅኩ። ከረጢቱን ያሳየኋቸው መጨረሻ ላይ ነው። ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩትና «በየሦስት ቀኑ ለወፍጮ የምከፍተው ከሆነ ምን ይረባኛል?» አሉ።

ትክክል ናቸው። ከረጢቱ የሚሠራው አየር ስለማያስገባ ነው፤ ውስጥ የቀረው ነቀዝ ኦክስጅኑን ጨርሶ መብላት ያቆማል፣ ይሞታል። ቶሎ ቶሎ ከተከፈተ ግን ተራ ጆንያ ነው። ደንበኛዬ ገበሬ ሁሉ ሳይሆን እስከ ሰኔ የማይነካ እህል የሚያስቀምጥ ቤት መሆኑን የነገሩኝ እኚህ እናት ናቸው።

4. የሰማችሁትን ማታውኑ ጻፉ፣ በሰውየው ቃል። «ፍላጎት አለ» ብሎ መጻፍ ራስን ማታለል ነው።

5. ቀብድ ጠይቁ። ኒክ ስዊንመርን የተባለ አሜሪካዊ በ1999 እ.ኤ.አ. ሰው ጫማ በኢንተርኔት ይገዛ እንደሆነ ለማወቅ መጋዘን አልሞላም። በአካባቢው ሱቆች ያሉ ጫማዎችን ፎቶ አንስቶ ድረ ገጽ ላይ ለጠፈ፤ ሲታዘዝ ሄዶ ከሱቁ ገዝቶ ላከ። ዛፖስ የተባለው ኩባንያ የተጀመረው እንዲህ ነው፤ በ2009 አማዞን ገዛው። እኔም ዕቃ ከማስመጣቴ በፊት አንድ ማሳያ ከረጢት ብቻ ይዤ ዞርኩ፤ «50 ብር ቀብድ፣ ቀሪው ዕቃው ሲመጣ» አልኩ። ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ ይሉኝታ ግን መቀነት አያስፈታም።

ካነጋገርኳቸው 12 ቤቶች 4ቱ ከፈሉ። ከአራቱ ሦስቱ ብሩን እየቆጠሩ አንድ ነገር ጠየቁኝ፦ «አይጥስ?» አይጥ ከበሳው አየር ገባ ማለት ነው። አላሰብኩበትም ነበር። በማግስቱ ደብተሬን ይዤ ወደ አራቱም ቤት ተመለስኩ፤ ከረጢቱ ጓዳ ውስጥ የት እንደሚቀመጥ ለማየት።