ለቲሸርትና ለባነር ሠሪዎች፦ ስቴንስል ምስልና ውስጡ ባዶ ጽሑፍ

ደብረ ብርሃን ላይ ቲሸርትና ባነር ለምትሠሩ ልጆች ይቺን ላካፍላችሁ። የመንዝ ጓሳን ጭላዳ ፎቶ ስቴንስል (ተቆርጦ ቀለም የሚረጭበት ቅርጽ) ለማድረግ ዙሪያውን በእጅ እየተከተላችሁ አታምሹ። ፎቶሾፕ ላይ ኢሜጅ፣ አጀስትመንትስ፣ ከዚያ ትሬሾልድ (ፎቶውን ጥቁርና ነጭ ብቻ የሚያደርገውን) በሉ። ሲከፈት 128 ላይ ነው፤ ከ1 እስከ 255 ባለው መካከል ወዲህ ወዲያ እያላችሁ ጋማውና ፊቱ ተለይተው እስኪወጡ ሞክሩ። ቁጥሩ ሲጨምር ጥቁሩ ይበዛል። አስቀድማችሁ ግን ጋውሲያን ብለር (ማደብዘዣ) በጥቂቱ፣ 1 ወይም 2 ፒክስል ስጡት፤ አለዚያ ፀጉሩ እንደተበተነ ጤፍ ይነጣጠባል። ፀሐይ በአንድ ጎን የመታው ፎቶ ከሁሉም ያምራል።

ጠርዙ ብቻ የሚታይ ጽሑፍ ከፈለጋችሁ ደግሞ፣ የጽሑፉ ሌየር ላይ ስትሮክ (የጠርዝ መስመር) ጨምሩና በሌየሮቹ ሰሌዳ ላይ ያለውን ፊል (የፊደሉን ውስጥ ሙሌት) 0 አድርጉ። ኦፓሲቲን አትንኩ! እሱ ጠርዙንም አብሮ ያጠፋዋል። ሴቭ ስታደርጉ ፒኤንጂ ይሁን፤ ጄፔግ ባዶውን ቦታ ነጭ ይሞላዋል።

ስቴንስሉን በወረቀት ቆርጣችሁ ቀለም የምትረጩ ከሆነ ፊደላችንን በደንብ እዩት። «ሰሜን ሸዋ» ብላችሁ ብትቆርጡ የ«ሜ» እና የ«ዋ» ቀለበቶች ውስጣቸው ተቆርጦ ይወድቃል፣ ፊደሉም ድፍን ሆኖ ይታተማል። ስለዚህ ከመቁረጣችሁ በፊት ጽሑፉን ራስተራይዝ አድርጉና (ወደ ተራ ምስል ቀይሩትና) እያንዳንዱን ቀለበት በኢሬዘር ሰንጥቁት፤ ውስጡን ከውጭው ጋር የሚያያይዝ ቀጭን ድልድይ ይቀርለታል። ለቲሸርት መጠን 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ስፋት ይበቃዋል።