የላቦራቶሪ የደም ስኳር ልኬት ትክክለኛ እንዲሆን እንዴት እንደሚሠራ

የደም ስኳር ውጤት አጠራጣሪ ሲሆን ጣት የሚቀሰረው መሣሪያው ላይ ነው፤ ስሕተቱ ግን ብዙውን ጊዜ የሚፈጠረው ቲዩቡ ወደ መሣሪያው ከመግባቱ በፊት ነው። የደም ሕዋሳት ከሰውነት ከወጡ በኋላም ግሉኮስን (የደም ስኳርን) መጠቀማቸውን ስለማያቆሙ፣ በክፍል ሙቀት የተቀመጠ ናሙና በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ የሚሆነውን ስኳሩን ያጣል።

በመጀመሪያ ታካሚው ቢያንስ ለ8 ሰዓት ምግብ አለመቅመሱ ይጠየቃል፤ ውሃ መጠጣቱ አይከለክልም። ግሉኮስ ከተሰካበት ክንድ ደም መቅዳት አይገባም፤ 5 በመቶው የግሉኮስ ፈሳሽ በዴሲሊትር 5,000 ሚሊግራም ስኳር ስላለው፣ ከናሙናው መቶ እጅ አንዱ እንኳ ፈሳሹ ቢሆን ውጤቱ በ50 ሚሊግራም ገደማ ይንራል።

ቀጥሎ ደሙ የተቀዳበት ሰዓት ቲዩቡ ላይ ይጻፋል። እኔ ከሁሉም በላይ የምጠብቀው ይህን ነው፤ ሰዓት ያልተጻፈበት ናሙና ስንት ስኳር እንዳጣ ማወቂያ የለውምና። ብዙዎች ባለ ግራጫ ክዳኑን፣ ፍሎራይድ ያለበትን ቲዩብ ተማምነው ናሙናውን ጠረጴዛ ላይ ይተዉታል። ፍሎራይድ የሚያግደው ኢኖሌዝ የተባለውን፣ በግሉኮስ መፈራረስ ሂደት መጨረሻ አካባቢ የሚሠራ ኢንዛይም ስለሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ሰዓታት ስኳሩ መቀነሱን ይቀጥላል። ቶሎ የሚሠራው ሲትሬት ያለበት ቲዩብ ነው። እሱ ከሌለ ናሙናውን በረዶ ባለበት ውሃ ውስጥ አስቀምጦ በ30 ደቂቃ ውስጥ በሴንትሪፊውጅ (ቲዩቡን በፍጥነት በሚያሽከረክር መሣሪያ) ፕላዝማውን፣ ማለትም የደሙን ፈሳሽ ክፍል፣ ከሕዋሳቱ መለየት ያስፈልጋል። ያለ መከላከያ ሁለት ሰዓት የቆየ፣ በዴሲሊትር 128 ሚሊግራም የነበረ ናሙና ወደ 113 ይወርዳል፤ የስኳር በሽታ መለያው 126 በመሆኑ ታማሚው የስኳር በሽታ የለበትም ተብሎ ሊሸኝ ይችላል።

ከዚያ የታካሚ ናሙና ከመግባቱ በፊት ዝቅተኛና ከፍተኛ መጠን ያላቸው የጥራት መቆጣጠሪያ ናሙናዎች ይለካሉ። ውጤታቸው ከአማካዩ በ3 ስታንዳርድ ዲቪዬሽን (የውጤቶች የተለመደ መዋዠቅ መለኪያ) ከራቀ ሥራው ይቆማል፤ ልክ እስኪመጣ ደጋግሞ መለካት ራስን ማታለል ነው። የሬኤጀንቱ (የመለኪያ ኬሚካሉ) የአገልግሎት ጊዜ፣ ካሊብሬሽኑ (የመሣሪያው ልኬት ማስተካከያ) እና ፒፔቱ (ፈሳሽ መጥኖ መውሰጃው) ይፈተሻሉ።

በመጨረሻ፣ የዝቅተኛ ስኳር ምልክት በሌለው ሰው ላይ 40 ሚሊግራም ቢወጣ፣ ውጤቱ ለሐኪሙ ወዲያው ይነገራል፤ ጎን ለጎንም የተቀዳበት ሰዓትና የነጭ የደም ሕዋሳቱ ቁጥር ይታያል። እንደ ሉኪሚያ (የደም ካንሰር) ባለ ሕመም ሕዋሳቱ እጅግ ከበዙ ስኳሩን ቲዩቡ ውስጥ ይጨርሱታልና፣ ሁለተኛው ናሙና በበረዶ ተይዞ ወዲያው መለየት አለበት።