የአሮጌ ሞተር ሳይክል ስዊንግ አርም አቀያየር

ስዊንግ አርም የኋላ ጎማን ይዞ ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው ባለ ሁለት ክንድ ብረት ነው። እንደ ሆንዳ ሲጂ125 እና ባጃጅ ቦክሰር ባሉ ባለ ሁለት ሾክ ሞተር ሳይክሎች ላይ ጭነት፣ ጭቃና ኮረኮንች ሲደራረቡበት ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል፣ በዝገትም ይበላል። መቀየሩ ራሱ ከባድ አይደለም። አብዛኛው ችግር የሚመጣው አርሙን ከሻንሲው ጋር ከሚያስረው ረጅም ብሎን፣ ከዋናው ፐርኖ ነው፤ ዝጎ አልወጣ ይላል፣ ሲመለስ ደግሞ በተሳሳተ ሁኔታ ይጠብቃል።

መጀመሪያ ጥፋቱ የአርሙ መሆኑን አረጋግጡ። ሞተር ሳይክሉን በመሃል ማቆሚያው አቁሙና አንድ ሰው መሪውን ይያዝላችሁ። የኋላ ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ወደ ጎን ወዝውዙት። ክንዱ ሳይነቃነቅ ጎማው ብቻ ከተጫወተ የሄደው የጎማው ኩሽኔታ ነው። ክንዱ ራሱ ሻንሲው ላይ ከተጫወተ ግን ቡሹ (ፐርኖው የሚያልፍበት የላስቲክ፣ የነሐስ ወይም የፕላስቲክ መያዣ) ወይም ፐርኖው አልቋል፤ ብረቱ ጤነኛ ከሆነ እነሱን መቀየር ይበቃል። ጭቃውን አጥባችሁ በሽቦ ብሩሽ ፈትጉት። ስንጥቅ የሚበዛው የሾኩ መያዣ በተበየደበት፣ ሁለቱን ክንዶች በሚያገናኘው ቱቦ ዙሪያ እና የፍሬን መያዣው ዘንግ በሚታሰርበት ጆሮ ላይ ነው። የሰንሰለቱ መንሸራተቻ ላስቲክ ካለቀም ሰንሰለቱ ብረቱን እየፋቀ ቦይ ያወጣበታል። ከሥር በኩል በካቻቢቴ ጫፍ ጠንከር አድርጋችሁ ውጉት፤ ከገባ ቱቦው በዝገት አልቋል።

የተሰነጠቀን አርም በብየዳ ማሰንበት የተለመደ ነው። ዋናው ፐርኖ በሚያልፍበት ቱቦና የጎማው ፐርኖ በሚቀመጥበት መሰንጠቂያ አካባቢ ግን መበየድ የለበትም። ሙቀቱ ብረቱን ያጣምመዋል፣ ከብየዳው ጠርዝም አዲስ ስንጥቅ ይነሳል፤ እዚያ ላይ የሚሰበር አርም ደግሞ ጎማውን በጉዞ ላይ ይለቀዋል።

አሮጌው ሳይለካ አዲስ አይገዛም። በአንድ ስም የሚጠራ ሞዴል እንኳ የ100 እና የ150 ሲሲው አርም አንድ ነው ብላችሁ አትመኑ። የቱቦውን ስፋት፣ የፐርኖውን ውፍረት፣ ከዋናው ፐርኖ መሃል እስከ ሾኩ መያዣ ያለውን ርቀት እና የመሰንጠቂያውን ስፋት በካሊፐር ለኩ። ያገለገለ ከሆነ ሁለቱንም ፐርኖዎች አስገቡበት፣ የጎማውን ፐርኖ እስከ መሰንጠቂያው ጥግ ግፉና በግራም በቀኝም በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለኩ። ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያየ ወይም ከኋላ ሲታዩ ትይዩ ካልሆኑ አትውሰዱት። አብራችሁ አዲስ ፐርኖ ከነዳዶው፣ ሁለት ቡሽ፣ የሰንሰለት መንሸራተቻ፣ የሰንሰለት ማገናኛና ኮፒልያ (ዳዶ እንዳይወልቅ የሚያግድ የሽቦ ፒን) ግዙ።

ጠባቂ ዳዶዎችን ጎማው መሬት ላይ እያለ አላሉ፤ ከተነሳ በኋላ ከታገላችሁ ሞተር ሳይክሉ ከማቆሚያው ይወድቃል። ከዚያ ሰንሰለቱን፣ የፍሬኑን ዘንጎች፣ ጎማውን፣ የሾኮቹን የታች ብሎኖችና የሰንሰለቱን ሽፋን አውጡ። ከጎማው ግራና ቀኝ ያሉትን ማራራቂያዎች በቅደም ተከተላቸው በስልክ ፎቶ አንሱ።

ፐርኖው የሚዝገው በአብዛኛው ከቡሹ የውስጥ ቱቦ ጋር ነው። ዝገት ማላቀቂያ ዘይት በሁለቱም በኩል ንፉበትና አንድ ቀን አሳድሩት። ከመምታት በፊት ማዞር ይቀድማል፤ ጭንቅላቱን በቁልፍ ይዛችሁ በጥቂቱ ወዲያና ወዲህ አንቀሳቅሱት። መምታት ግድ ከሆነ ዳዶውን ከፐርኖው ጫፍ ጋር እኩል እስኪሆን መልሱና በመሃል ነሐስ ወይም ጠንካራ እንጨት አስገብታችሁ ምቱ። ባዶ ጫፉ በመዶሻ ከተመታ ይጨፈለቅና በቀዳዳው አያልፍም። ጋዝና እሳት አልመክርም፤ ላስቲኩ ይቃጠላል፣ የቤንዚን ታንከሩም ከላይ ነው። እንቢ ካለ በአርሙና በሻንሲው መካከል በብረት መጋዝ ቁረጡት። አዲስ ፐርኖ ያስገዛናችሁ ለዚህም ጭምር ነው።

አዲሱን ቡሽ በመዶሻ አታስገቡ፤ ጠርዙ ይጣመማል። ረጅም ብሎን፣ ወፍራም ራንዴላና ዳዶ አድርጋችሁ ቀስ በቀስ ሳቡት፣ ወይም በሞረሳ ግፉት። ላስቲኩን ለማለስለስ የሳሙና ውሃ እንጂ ዘይት አይቀባም፣ ዘይት ላስቲክን ያሳብጠዋል። ፐርኖውን ግን በስሱ ግራሶ ቀቡት፤ የሚቀጥለው ሰው ያለ መጋዝ ያወጣዋል።

ብዙ ጋራዥ የሚዘለው ነገር አለ። ቡሹ ላስቲክና ብረት የተጣበቀበት ዓይነት ከሆነ አርሙ ወደ ታች ተንጠልጥሎ እያለ ዳዶውን አታጥብቁ። በመጀመሪያ በእጅ ብቻ አስገቡት፣ ሾኮቹንና ጎማውን ግጠሙ፣ ሞተር ሳይክሉን መሬት ላይ አውርዱና ሰው ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ሳለ አጥብቁ። ያለዚያ ላስቲኩ ሁልጊዜ ተጠምዝዞ ስለሚኖር ቶሎ ይቀደዳል። በብዙ ትናንሽ ሞተር ሳይክሎች ላይ የማጥበቂያው ልክ ከ50 እስከ 70 ኒውተን ሜትር ነው፤ ማንዋሉ ካለ ግን የማንዋሉን ያዙ። ቡሹ ነሐስ ወይም ፕላስቲክ ከሆነ አርሙ ከጠበቀ በኋላ ሾክ ሳይታሰርበት በእጅ ሲነሳና ሲወርድ ሳይያዝ መሄድ አለበት፣ ወደ ጎን ግን ምንም መጫወት የለበትም።

የሰንሰለቱ ማገናኛ ክሊፕ ዝግ ጫፍ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይሁን። ሰንሰለቱ በመሃሉ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ይላላ። አርሙ ላይ ያሉት የጎማ ማስተካከያ ምልክቶች ሁልጊዜ ትክክል ስላልሆኑ ከኋላ ጎማ እስከ ፊት ጎማ በሁለቱም በኩል ሲባጎ ወጥራችሁ አስተያዩ። የፍሬኑ መያዣ ዘንግ ብሎንና ኮፒልያ መግባታቸውን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ፤ ዘንጉ ከወጣ ፍሬን በተያዘ ቅጽበት የፍሬኑ ሰሃን ከጎማው ጋር ይዞርና ጎማውን ይቆልፈዋል። ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ ሁሉንም ዳዶ መልሳችሁ ፈትሹ።