ዊንዶውስ 7 አልጫን ሲል፦ ስለ ሲዲ የሚዋሸው መልእክት

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን ድጋፍ ያቆመው ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ደሴ ፒያሳ ያለችው የኮምፒውተር ጥገና ሱቄ ግን ይህን ገና አልሰማችም። የጽሕፈት ቤት ባለቤቶች ከዩኒኮድ (ዛሬ ሁሉም ከሚጠቀምበት የፊደል ኮድ) በፊት የተሠራ የግዕዝ መጻፊያ ይዘው፣ ሌሎች ደግሞ ለአዲስ ዊንዶውስ ድራይቨር (ዕቃውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ያልተሠራለት አሮጌ ፕሪንተር ተሸክመው ይመጣሉ። እንጀራቸው በዚያ ላይ ስለሆነ አልፈርድባቸውም። የመጫኛ ፍላሽ ማዘጋጀትንና ከፍላሽ ማስነሳትን ታውቃላችሁ ብዬ ልለፍ።

«የሲዲ/ዲቪዲ ድራይቨር ጎድሏል» ብሎ ሲቆም

በየሳምንቱ የማየው ይህንን ነው። መጫኛው ይነሣል፣ ቋንቋ ያስመርጣል፣ ከዚያ የሲዲ ድራይቨር አምጡ ይላል። ብዙ ጊዜ ኪቦርዱና ማውሱም አብረው ይደነዝዛሉ። መልእክቱን አትመኑት። ከባቲ የመጣ አንድ ወጣት ቃሉን አምኖ በዩኤስቢ የሚሰካ ሲዲ ማንበቢያ ገዝቶ ነበር፤ እሱም አልሠራ ሲለው ሌላ ገዛ። ላፕቶፑ መጀመሪያውኑ ሲዲ ማስገቢያ አልነበረውም!

ነገሩ እንዲህ ነው። ዊንዶውስ 7 በ2002 ዓ.ም. ሲወጣ ዩኤስቢ 3ን የሚያውቅ ድራይቨር አልተካተተበትም። ፍላሹን አንብቦ መጫኛውን የሚያስነሣው ባዮሱ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የኮምፒውተሩ የራሱ ፕሮግራም ነው። መጫኛው ሥራውን ከተረከበ በኋላ ግን የመጣበትን ፍላሽ ራሱን ማየት ይሳነዋል፤ የጠፋውን ሲፈልግም ሲዲ ነው የሚመስለው። ባዮስ ውስጥ ደህና የነበረው ኪቦርድ እዚህ ሲደርስ የሚሞተውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የኮምፒውተሩ ፕሮሰሰር ከኢንቴል 6ኛ ትውልድ በፊት የተሠራ ከሆነ ፍላሹን ከሰማያዊው (ዩኤስቢ 3) ቀዳዳ ነቅላችሁ ጥቁሩ (ዩኤስቢ 2) ላይ ሰኩት። መልእክቱን ሰርዙና ወደ መጀመሪያው መስኮት ተመልሳችሁ መጫኑን እንደገና ጀምሩ፤ ማጥፋትና ማስነሣት እንኳ አያስፈልግም።

ከ6ኛው ትውልድ ጀምሮ ግን ኢንቴል አሮጌውን የዩኤስቢ መቆጣጠሪያ ስላስወጣው ጥቁሩም ቀዳዳ አያድናችሁም። የዩኤስቢ 3 ድራይቨሩን መጫኛው ውስጥ መክተት ግድ ነው። የሚከተተው ደግሞ ሁለት ቦታ ነው፦ መጫኛውን የሚያስነሣው ፋይል «ቡት.ዊም» ሁለተኛው ክፍል ውስጥ እና የሚጫነው ዊንዶውስ ራሱ ያለበት «ኢንስቶል.ዊም» ውስጥ። የመጀመሪያውን ብቻ ሠርቶ መተው እኔንም አዋርዶኛል። የሐይቅ ደንበኛዬ አጠገቤ ቡና እየጠጣ ሁሉም ነገር ተጭኖ አለቀ፤ ኮምፒውተሩ ተነሥቶ የተጠቃሚ ስም ጻፍ ሲለኝ ኪቦርዱ ድርቅ አለ። እንደገና ከዜሮ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም መልእክቱ ካልጠፋ ፍላሹን ጠርጥሩ። በየመደብሩ 64 ጊጋ ተብሎ የሚሸጠው ፍላሽ ውስጡ ሲፈተሽ 8 ጊጋ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሲገለበጥ ምንም አያጉረመርምም፤ ከእውነተኛው መጠን ያለፈው ፋይል ግን ገለባ ነው። በተለይ ፊልም የሞላበት ፍላሽ ላይ መጫኛ ስትጨምሩ መጫኛው የሚያርፈው ገለባው ላይ ነው። ኮምቦልቻ ላለች አንዲት የጽሕፈት ቤት ባለቤት ሦስት ቀን ስለፋ ራም ቀየርኩ፣ ሃርድ ዲስክ ቀየርኩ፤ ጥፋተኛው ኪሴ ውስጥ የሚያድረው የራሴ ፍላሽ ነበር። ሙሉውን ጽፎ መልሶ በሚያነብ መፈተሻ ሳትፈትሹ አዲስ ፍላሽ ለሥራ አታውሉ። ሻጩ ቢምልም።

ሌሎቹ

የዊንዶውስ አርማ ላይ ደርሶ ከቆመ፦ ባዮስ ውስጥ «ሲኤስኤም» የሚለውን (አሮጌ ዊንዶውስ እንዲነሣ የሚያግዘውን) ክፈቱ፣ «ሴክዩር ቡት»ን (ያልተፈረመ ሲስተም እንዳይነሣ የሚከለክለውን) ዝጉ።

ኤንቪኤምኢ የተባለውን ፈጣን ዲስክ ካላየው፦ ኬቢ2990941 የተባለው ማሻሻያ መጫኛው ውስጥ ይግባ።

ዊንዶውስ ኤክስፒ እየጫናችሁ የስሕተት ቁጥሩ መጨረሻ 7ቢ የሆነ ሰማያዊ ስክሪን ከመጣ፦ ባዮስ ውስጥ «ሳታ» የሚለውን የሃርድ ዲስክ ማገናኛ ከ«ኤኤችሲአይ» ወደ «አይዲኢ» ለውጡ።

ዲስኩ «ጂፒቲ» (አዲሱ የዲስክ አከፋፈል) ነው ብሎ እምቢ ካለ «ዲስክፓርት» የተባለውን የዊንዶውስ የዲስክ መክፈያ ከፍታችሁ «ክሊን» ማለት ይፈታዋል። ከዚያ በፊት ግን እጃችሁን ሰብስቡ። ይህ ትእዛዝ የመረጣችሁትን ዲስክ ክፍልፋይ ሁሉ ያጠፋል፤ «ሲ»ም «ዲ»ም አይተርፍም። ዲስክ 0 የትኛው እንደሆነ በመጠኑ ለዩ። ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ተሰክቶ ከሆነ ንቀሉት። ደንበኛው «ምንም የለበትም» ቢል አትስሙት፤ ዴስክቶፕ ላይ ያለው ፋይል «ሲ» ውስጥ መሆኑን አያውቅም። «ምንም የለበትም» ያሉኝ መምህር በማግስቱ የተማሪዎቻቸውን ውጤት ፍለጋ ተመልሰው መጥተዋል። እኔ አሁን ሳልገለብጥ አልነካም።

ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ ያለ ዩፒኤስ አትጀምሩ፤ መብራት መቼ እንደሚሄድ የሚያውቅ የለም።

ከተጫነ በኋላ መጀመሪያ ኬቢ4490628ን፣ ቀጥሎ ኬቢ4474419ን ጫኑ። ያለ እነሱ ማይክሮሶፍት ማሻሻያዎቹን የሚፈርምበትን አዲሱን ዲጂታል ፊርማ ስለማያውቅ በእሱ የተፈረመ ማሻሻያ አይቀበልም። ሰዓቱ ወደ ኋላ እየሄደ ካስቸገረ 2032 የምትባለውን ክብ ባትሪ ቀይሩ።

ድጋፉ የቆመ ዊንዶውስ ኢንተርኔት ላይ ስለማይታመን፣ እኔ ሥራውን ጨርሼ ሳስረክብ ኢንተርኔቱን ዘግቼ ነው። ባለፈው አንዲት እናት «ታዲያ ባንኬንስ በምን አያለሁ?» ብለው ተቆጡኝ። «በስልክዎ ይዩ፣ እማማ፤ በዚህ ይጻፉበት» አልኳቸው። እያጉረመረሙም ቢሆን ከፍለውኝ ሄዱ።