«ላይት» ሁሉ ብርሃን አይደለም

ማታ ነው። ከሐረሩ ጀጎል ግንብ ውጭ፣ ጅብ የሚመገብበት ሜዳ ላይ ቆመናል። አንድ ባጃጅ የፊት መብራቱን ለቆበታል። ጅቦቹ ከጨለማው ብቅ እያሉ ከእንጨት ጫፍ ላይ ሥጋ ነጥቀው ይመለሳሉ። አጠገባችን ያለ አንድ የውጭ እንግዳ ሲጋራ በእጁ እንደያዘ ወደ ወጣቱ አስጎብኚ ዞሮ «ዱ ዩ ሃቭ ኤ ላይት?» አለው። ልጁ ቶሎ ብሎ የስልኩን ባትሪ አበራና እግሩ ሥር ለቀቀለት። ሰውየው የፈለገው ግን እሳት ነበር። ክብሪት ወይም ላይተር።

ልጁ እንግሊዝኛ ይችላል። እኛ ግን ብርሃን፣ መብራት፣ እሳት ብለን ለያይተን የምንጠራውን እንግሊዝኛው በአንዲት ቃል ይጨርሰዋል። ሐረር ውስጥ አስጎብኚዎችን እንግሊዝኛ ሳስጠና በዚህች ቃል የማይሳሳት አልገጠመኝም። ደጋግመው የሚመጡትን ልንገራችሁ።

ከሁሉም የሚበዛው ከ«ቀላል» የሚመጣው ነው። ባዶ ጀሪካን ቀላል ነው እንላለን። ፈተናውም ቀላል ነበር እንላለን። እንግሊዝኛው እዚህ ላይ ይለያያል፤ ጀሪካኑ «ላይት» ነው፣ ፈተናው «ኢዚ» ነው። «ዘ ኤግዛም ዎዝ ላይት» አይባልም። «አቦ፣ እሱ ቀላል ሰው አይደለም» ለማለት «ሂ ኢዝ ኖት ላይት» ካላችሁ ደግሞ ሰሚው ስለ ኪሎው የምታወሩ ይመስለዋል። «ላይት ሚል» ሆድ የማይከብድ ምግብ ነው። «ላይት ስሊፐር» ትንሽ የሚተኛ ሰው አይደለም፤ ኮሽ ሲል የሚነቃ ሰው ነው። ለነገሩ ብርሃን የሆነው «ላይት» እና የማይከብደው «ላይት» ከጥንት ሥራቸው ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። በጊዜ ብዛት አጻጻፋቸውም ድምፃቸውም አንድ ሆነ። እኛም ቢላ ሳለ፣ ጉንፋን ይዞት ሳለ እንል የለ? እንደዚያ ነው።

ሌላው ቀለም ላይ ነው። መኪና ግርግር በሚባለው የሐረር መንገድ ሰፊዎቹ ጋ እንግዳ ይዛችሁ ስትሄዱ ጨርቁን ዳሰስ አድርጎ «አይ ዎንት ሰምሲንግ ላይት» ሊላችሁ ይችላል። ፈዘዝ ያለ ቀለም ይሁን ስስ ጨርቅ፣ ከቃሉ ብቻ አይለይም። ገምታችሁ ሌላ ጥቅልል አታስወርዱ፤ «ከለር ኦር ዌይት?» ብላችሁ ጠይቁ። የሰው መልክ ሲሆንም ተጠንቀቁ። እኛ «ቀይ ናት» የምንላት ልጅ በእንግሊዝኛ «ላይት ስኪንድ» ናት። «ሺ ኢዝ ሬድ» ካላችሁ አፍራለች ወይም ፀሐይ አቃጥሏታል ማለት ይሆናል።

መብራት ሲሄድ «ዘ ላይት ኢዝ ሎስት» አትበሉ። «ዘ ፓወር ኢዝ አውት» በቂ ነው። ዓይነ ብርሃናቸውን ስላጡ ሽማግሌ ስትናገሩም «አይ ላይት» የሚባል ነገር የለም፤ «ሂ ሎስት ሂዝ ሳይት» ነው የሚባለው።

ወደ ምሳሌያዊው ስንመጣ፣ አንድ ነገር ሲገባን «በራልኝ» እንላለን። ይህን «አይ ሶው ዘ ላይት» ብሎ መተርጎም ያሳስታል። ያ አባባል በአብዛኛው እምነቱን ወይም አቋሙን ለለወጠ ሰው የሚውል ነው። ለተራ ነገር «ናው አይ ጌት ኢት» በሉ። «ከዚህ አንፃር» ለማለት «ኢን ላይት ኦፍ» ይባላል፤ እንግሊዞች መሃል ላይ «ዘ» ይጨምሩበታል። ሁለቱም ልክ ነው። «ኦን ዘ ላይት ኦፍ» ግን ስህተት ነው።

በጣም የሚያሳስበኝን ወደ መጨረሻ አመጣሁት። ጀጎል ውስጥ 82 መስጊዶችና 102 የወሊዮች (የእስልምና ቅዱሳን ሰዎች) ቅዱስ ቦታዎች እንዳሉ ዩኔስኮ በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው ጠቅሷል። አስጎብኚ በየቀኑ በእነዚህ ደጆች ያልፋል። አንድ ቀን አንዱ ተማሪዬ የአንድ ወሊይ መቃብር ፊት ቆሞ ታሪኩን ሊያብራራ ፈልጎ «ሌት ሚ ሜክ ላይት ኦፍ ዚስ ሽራይን» አለ። ብርሃን ላድርግበት ማለቱ ነበር። «ሜክ ላይት ኦፍ» ግን ማቃለል ነው፤ የኛው «አቃለለ» ከ«ቀላል» እንደወጣው ሁሉ ይህም የመጣው ከማይከብደው «ላይት» ነው። እንግዶቹ የሰሙት «በዚህ ቅዱስ ቦታ ላላግጥበት» የሚል ነው። አንዲት ሴትዮ ወዲያው ፊቷን አዞረች። ልጁ ለምን እንደሆነ አልገባውም፤ እኔም ሰው ፊት ላርመው አልፈለግሁም። ግንቡን ዞረን ስንመለስ ለብቻው ነገርኩት። «ሌት ሚ ሼድ ሰም ላይት ኦን ዚስ ሽራይን» ነው የሚባለው። «ኦን» የምትለዋን እንዳትረሳ አልኩት፤ «ቱ» ሲሆን አይሰራም። በማግስቱ እዚያው ደጅ ላይ ቆሞ አስተካክሎ ሲለው ሰማሁት።