ሌቭል ሲያድግ የሚደክም ገጸ ባህሪ፦ ዴክ ግንባታን ከአርፒጂ ጋር ስታዋህዱ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ዴክ ማለት ተጫዋቹ የሚስብበት የካርድ ክምር ነው፤ ዴክ ግንባታ ደግሞ ጨዋታው እየሄደ ያንን ክምር ማሳደግ ነው። ይህን አካሄድ ያስለመደው እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ዶሚኒየን የተባለ የካርድ ጨዋታ ነው፦ 10 ካርድ ይዛችሁ ትጀምራላችሁ፣ በየተራው 5 ትስባላችሁ፣ የገዛችሁት ሁሉ ዴካችሁ ውስጥ ይገባል፣ ዴኩ ሲያልቅ የተጣሉት ካርዶች ተበውዘው እንደገና ይሳባሉ። አርፒጂ (ተጫዋቹ አንድን ገጸ ባህሪ ሆኖ የሚጫወትበት ጨዋታ) ደግሞ ገጸ ባህሪው በየሌቭሉ፣ ማለትም በየዕድገት ደረጃው፣ እየበረታ እንዲሄድ ይፈልጋል። አብዛኛው ብልሽት የሚነሳው ከዚህ መጋጠሚያ ነው።

ምልክት፦ ሌቭል 6 የደረሰው ገጸ ባህሪ ከሌቭል 1 የተሻለ አይመታም። ተጫዋቾች የሽልማት ካርድ አንፈልግም ይላሉ።

ደጋግሞ የሚመጣው ይሄ ነው። ምክንያቱ ሌቭል ማደግ ካርድ መጨመር ብቻ ሆኖ መሠራቱ ነው። ስሌቱን እዩት። ዴኩ 10፣ እጅ 5 ከሆነ አንዲት የእሳት ካርድ በመጀመሪያው እጅ የመምጣት ዕድሏ 50 በመቶ ነው። በየሌቭሉ 2 ካርድ ከጨመራችሁ ሌቭል 6 ላይ ዴኩ 20 ይሆናል፤ ዕድሏ ወደ 25 በመቶ ይወርዳል። 4 ተራ በሚፈጅ ውጊያ ሁለት ጊዜ ትመጣ የነበረች ካርድ አሁን አንዴ ብቻ ትመጣለች፤ እሷም ጠላቱ ሊወድቅ ሲል በመጨረሻው ተራ ልትሆን ትችላለች። ሰው ሙሉ ማታ ለፍቶ ያገኘው ሽልማት ገጸ ባህሪውን አደከመው ማለት ነው። ተጫዋቹ ስሌቱን ባይሠራውም ይሰማዋል፤ ካርዱን እምቢ የሚለው ለዚህ ነው።

ከዚያ የተሳሳተ ጥገና ይጀመራል። አንዱ የጠላትን የጤና ነጥብ ይቀንሳል። ይሄ ነገሩን ያባብሰዋል፦ ውጊያው ሲያጥር የሚታየው ካርድ ያንሳል። ዴኩ 24 ደርሶ ውጊያው 3 ተራ ብቻ ከቆየ 15 ካርድ ይታያል፤ ያቺ የእሳት ካርድ ከሦስት ውጊያ ከአንድ በሚበልጠው ጭራሽ ብቅ አትልም። ሌላው እጅን ከ5 ወደ 7 ያሳድጋል። ያኔ አንዱ ተጫዋች ሰባት ካርድ ሲያነብ አራቱ ስልካቸውን ያያሉ። ሌላው ደግሞ ካርድ የሚያስስቡ ካርዶች ይጨምራል፤ እነሱም ራሳቸው ዴኩን ያወፍሩታል። ሦስቱንም አታድርጉ።

መፍትሄው እንዲህ ነው። መጀመሪያ የውጊያውን ርዝመት በእጅ መጠን አባዙ፤ 5 ተራ በ5 ካርድ 25 ነው። ዴኩ ከዚህ ግማሽ፣ ማለትም ከ12 ካርድ አይብለጥ። እንዲህ ሲሆን እያንዳንዱ ካርድ በአንድ ውጊያ ሁለት ጊዜ ይታያል። ቀጥሎ ሌቭል ማደግን ወደ መተካት ቀይሩት፦ ከሦስት አዳዲስ ካርዶች አንዱን ይመርጣል፣ ከመነሻዎቹ አንዱን ያወጣል። ወይም ያለውን ካርድ አሻሽሉት። ስሌይ ዘ ስፓየር በተባለው የኮምፒውተር ካርድ ጨዋታ ውስጥ 6 ጉዳት የሚያደርሰው የመነሻ ምት ሲሻሻል 9 ይሆናል፣ 5 የሚመክተው መከላከያ 8፤ የካርዱ ቁጥር ግን ንቅንቅ አይልም። ግሉምሄቨን የተባለው የጠረጴዛ ጨዋታም በዚሁ መንገድ ይሄዳል፦ የምትን ጉዳት ከፍ ዝቅ የሚያደርግ 20 ካርድ ያለው የጥቃት ማስተካከያ ዴክ አለ፣ ገጸ ባህሪው ሲያድግ ከሚያገኛቸው ጥቅሞች አንዱ ሁለት "−1" ካርድ አውጥቶ መጣል ነው። ተጫዋቹ ዕድገቱን በእጁ ይዞ ያየዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ካርድ ማስወገድን ርካሽ አታድርጉት። ዴኩ 5 ከደረሰ እጅም 5 ስለሆነ በየተራው አንድ ዓይነት እጅ ይመጣል፤ ጨዋታው አለቀ። ከ8 በታች እንዳይወርድ በደንብ ጻፉ። ዋጋውም እየጨመረ ይሂድ፤ ስሌይ ዘ ስፓየር በ75 ወርቅ ጀምሮ በእያንዳንዱ ማስወገድ 25 ይጨምራል።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ የሙያው መለያ የሆነውን ካርድ ማስወገድን ከልክሉ። አለዚያ ፈዋሹም ሌባውም አንድ ዓይነት ዴክ ይዘው ይጨርሳሉ።

ምልክት፦ አንድ ገጸ ባህሪ በድንገት ሁሉንም ይገድላል።

ካርዱም የገጸ ባህሪው ጉልበትም አብረው እያደጉ ነው። ጉልበት +3 በእያንዳንዱ ምት ላይ ከተደመረ፣ አንዴ 6 የሚመታው ካርድ 9 ይሆናል፤ አምስት ጊዜ 1 የሚመታው ግን ከ5 ወደ 20 ይዘላል። ጉልበት በተራ አንድ ጊዜ ብቻ ይደመር፣ ወይም ጉዳትን ትቶ ከባድ ካርዶችን ለመያዝ መስፈርት ይሁን።

ምልክት፦ ሌባው ሊከፍተው ከሚገባው በር ፊት ቆሞ ቀርቷል።

የመክፈቻ ካርዱ ዴኩ ሥር ተቀብሯል። ለእያንዳንዱ ካርድ ሁለተኛ አገልግሎት ስጡት። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ሜጅ ናይት የተባለ የጠረጴዛ ጨዋታ በጥሩ ሁኔታ ፈቶታል፦ የትኛውንም የተግባር ካርድ አግድም አስቀምጦ ለ1 እንቅስቃሴ፣ ለ1 ጥቃት፣ ለ1 መከላከያ ወይም ለ1 ተጽዕኖ መጠቀም ይቻላል።

ምልክት፦ ጥሩ ካርድ መጥቶም አይሠራም።

ካርድ ከሳባችሁ በኋላ ዳይስ አታስጥሉ። 25 በመቶ የመምጣት ዕድል በ50 በመቶ የዳይስ ዕድል ሲባዛ 12.5 በመቶ ነው፤ ይሄን ማንም አይታገሥም። ዳይሱ ለውይይትና ለፍለጋ ይቅር።

ምልክት፦ አንዱ ተጫዋች የሚቀጥለውን ካርዱን የሚያውቅ ይመስላል።

ያውቃል። የተሻሻለው ካርድ ላይ ተለጣፊ ስለተለጠፈ ይወፍራል፣ ጣት ይለየዋል። በ80 ግራም ወረቀት አትማችሁ በብርሃን አሳላፊ ሽፋን ውስጥ የምትከቱ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉ፤ ጀርባው ያሳያል። 63 በ88 ሚሊሜትር የሆነ ተራ ካርድ ግዙ፣ የታተመውን ወረቀት ከፊቱ አድርጉ፣ ጀርባው ጥቁር የሆነ ሽፋን አልብሱት። የሁለት አምራች ሽፋን አታቀላቅሉ፤ ሲያረጅ አንድ ሁለቱን ሳይሆን ሁሉንም በአንዴ ቀይሩ። የተሻሻለውን ካርድ በሌላ ሙሉ ካርድ ተኩት እንጂ አትለጥፉበት፣ በእስክሪብቶም አትጻፉበት። የሚበውዘውም ሰው ሁለት ጊዜ ገልበጥ አድርጎ ብቻ እንዳይተወው፦ የተጣሉ ካርዶች እንደ ተጫወቱበት ተደራርበው ስለሚመለሱ ምት ከምት ጋር ተጣብቆ ይመጣል። ጠረጴዛው ላይ በትኗቸው፣ በደንብ አማስላችሁ ሰብስቡ።

አልፎ አልፎ የሚታየው ደግሞ የቁስል ካርድ (ገጸ ባህሪው ሲጎዳ የሚቀበለው የማይጠቅም ካርድ) አዙሪት ነው፦ 10 ካርድ ላይ 3 ቁስል ሲገባ በየእጁ በአማካይ ከአንድ በላይ ካርድ ይባክናል። ቁስሉ በቀጥታ ወደ እጅ ሳይሆን ወደ ተጣሉት ይግባ፣ ካምፕ ሲያርፉም ሁሉም ይውጣ።