ሐረጎ ላይ የሚያፈላና መሪው የሚንቀጠቀጥ ያገለገለ ስፖርት መኪና፦ ጥፋቱን እንዴት እናገኘዋለን?

ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ከፍታው ግን ከ1850 ሜትር አካባቢ ተነስቶ 2500 ሜትር አካባቢ ይደርሳል፤ አብዛኛውም የሚወጣው በመሃል ያለው የሐረጎ ዳገት ላይ ነው። ሜዳ ላይ ተነድቶ “ምንም የለበትም” ተብሎ የተገዛ ስፖርት መኪና ጉዱ የሚታየው እዚህ ነው፤ ሲወጣ ያፈላል፣ ሲወርድ መሪው ይንቀጠቀጣል። ከታች ያሉት የመኪና ልኮች እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2006 ለተመረተው ባለ 1.8 ሊትር ቶዮታ ሴሊካ የሚሆኑ ናቸው። አሠራሩ ለሌላውም ያው ነው፤ ልኩን ብቻ ከራሳችሁ መኪና ጋር አመሳክሩ።

መጀመሪያ፣ መቼ እንደሚሞቅ ለዩ

ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት የሙቀት ጌጁ መቼ እንደሚነሳ ልብ በሉ። ደሴ ፒያሳ ላይ መንገድ ተዘጋግቶ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲቆም የሚሞቅ፣ ሲነዳ ደግሞ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ቬንትሌተሩን (የራዲያተሩን ማራገቢያ) ተጠራጠሩ። ኤሲውን ክፈቱት፤ ቬንትሌተሩ መዞር አለበት። ካልዞረ ፊውዝ፣ ሪሌይ፣ የቬንትሌተሩ ሞተር፤ በዚሁ ቅደም ተከተል ተመልከቱ። ቆሞ ደህና የሆነው ዳገት ላይ ብቻ ከሞቀ ራዲያተሩ ተደፍኗል ወይም ክዳኑ ግፊት አይዝም። ቁልቁለት ሲወርድ ጌጁ ከወትሮው በታች ከወረደ ቴርሞስታቱ (እንደ ሙቀቱ የራዲያተሩን የውሃ መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋው ቫልቭ) ክፍት ሆኖ ቀርቷል፤ ወይም ከእናንተ በፊት የነበረው ባለቤት አስወጥቶታል።

አንድ ነገር ጨምሩበት። ዳገት ላይ ብቻ የሚሞቅ መኪና አንዳንዴ ፍሬኑ የያዘ ነው። አንዱ ጎማ እየተጎተተ ሲሄድ ሞተሩ ተጨማሪ ሸክም ይሸከማል። ከጉዞ በኋላ እጃችሁን ሳታስነኩ ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ (ጎማው የተገጠመበት ብረት) አስጠጉ፤ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚጋረፍ ከሆነ ወደ ራዲያተሩ ከመሄዳችሁ በፊት ያንን ፍሬን አስፈቱ።

ክዳኑ

ደሴ ላይ የሚያፈላ መኪና ሲገኝ ቶሎ የሚወቀሰው ጓርኒሲዮን ነው፤ በሞተሩ አካልና በላይኛው ክፍሉ በቴስታታው መካከል ያለው ማሸጊያ። ቀድሞ መታየት ያለበት ግን የራዲያተሩ ክዳን ነው። ውሃ በባህር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ኮምቦልቻ በ94 ገደማ፣ ደሴ ደግሞ በ92 ገደማ። የራዲያተር ቬንትሌተር እንደ መኪናው ዓይነት ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ከ93 እስከ 98 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው። እንግዲህ ክዳኑ ግፊት መያዝ ካቃተውና ውስጥ ያለው ንጹህ ውሃ ብቻ ከሆነ፣ ደሴ ላይ ውሃው የሚፈላው ቬንትሌተሩ ገና ሳይነሳ ነው። ሌላ ምንም ያልተበላሸበት ሞተር እንፋሎት ይተፋል፤ ባለቤቱም ለቴስታታ ማስፈቻ ገንዘብ ሲፈልግ ይከርማል።

ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር አለ፤ የሚይዘው ግፊት ነው። ባለ 1.1 ክዳን ጤነኛ ከሆነ ደሴ ላይ ውሃው የሚፈላው በ117 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህን ሁሉ ልዩነት የሚያመጡት አንዲት የጎማ ቀለበትና አንዲት ሞላ ናቸው። ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት ክዳኑን ፍቱና ጎማውን በጣት ዳስሱት፤ ከደረቀ፣ ከተሰነጠቀ ወይም የራዲያተሩ አፍ ጠርዝ ተቀርጾበት ከቀረ ይጣል። ሞላውን ተጫኑት፤ ልፍስፍስ ማለት የለበትም። ከታች ያለችው ትንሽ ቫልቭ በጥፍር ስትሳብ ተከፍታ መመለስ አለባት። እሷ ከተጣበቀች መኪናው አድሮ ጠዋት የላይኛው የራዲያተር ጎማ ተመጦ ተጣብቆ ታገኙታላችሁ። ሲሞቅ ወደ መጠባበቂያው ዕቃ የወጣው ውሃ ሲቀዘቅዝ ካልተመለሰም ያው ክዳኑ ወይም ቀጭኑ ቱቦ ነው።

አዲስ ስትገዙ በመጀመሪያው ልክ ግዙ። ከፍ ያለ ግፊት የሚይዝ ክዳን ይሻላል የሚለው ምክር ለአሮጌ ራዲያተር ጠላት ነው፤ የፕላስቲኩን ጎን ይሰነጥቀዋል። ሞተሩ እንደጋለ ክዳን መክፈት ደግሞ ፊትና ክንድ ያቃጥላል። የላይኛውን ጎማ በባዶ እጅ ጨብጣችሁ መቆየት እስክትችሉ ጠብቁ።

ቴርሞስታቱና የድስቱ ፈተና

“ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው” የሚለው ምክር በየጋራዡ ይሰማል። በዚህ ሞተር ላይ ግን ጉዳት ነው። ቴርሞስታቱ ሲከፈት ጀርባው ላይ ያለው ሳህን ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ የሚዞርበትን አቋራጭ ይዘጋል። አውጥታችሁ ስትጥሉት አቋራጩ ክፍት ይሆንና ከትኩሱ ውሃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ዳገት ላይ ይብሱን ይሞቃል፤ በደሴ የጠዋት ብርድ ደግሞ ሞተሩ ሳይሞቅ ነዳጅ ይበላል።

ፈተናው የሚታወቅ ነው፤ ቴርሞስታቱን በክር አንጠልጥሎ ውሃ ውስጥ ማፍላት። ችግሩ ያለው ደሴ ላይ ነው። የሴሊካው ቴርሞስታት መከፈት የሚጀምረው ከ80 እስከ 84 ዲግሪ ሲሆን፣ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 አካባቢ ነው። የእናንተ ድስት 92 ላይ ፈልቶ ያበቃል። ስለዚህ በግማሽ ተከፍቶ ቢቀር “ተበላሽቷል” ብላችሁ አትፍረዱበት። መታየት ያለበት ውሃው ከመፍላቱ በፊት መከፈት መጀመሩና ውሃው ሲበርድ አጥብቆ መዝጋቱ ነው። ሙሉውን ማየት ከፈለጋችሁ ግማሽ ኩላንት ግማሽ ውሃ አፍሉ፤ ውህዱ ደሴ ላይ 99 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ለዚህ የተጠቀማችሁበት ድስት ወደ ማዕድ ቤት አይመለስ፤ ኩላንት መርዝ ነው። መልሳችሁ ስትገጥሙ ትንሿ የአየር መውጫ ወደ ላይ ትሁን፤ የማሸጊያ ጎማውም አዲስ ይሁን።

አሞላል

የዚህ መኪና ሥርዓት ወደ 6 ሊትር ይይዛል። ግማሹ ኩላንት፣ ግማሹ ዲስትልድ ውሃ ይሁን። ዲስትልድ ውሃ ስትገዙ ከባትሪ አሲድ ጋር እንዳይምታታባችሁ ጽሑፉን አንብቡ። የቧንቧና የምንጭ ውሃ ውስጡ የሚተወው ነጭ ቅርፊት ራዲያተር ይደፍናል።

ደሴ ዳገት አላጣችም፤ አፍንጫው ወደ ላይ እንዲሆን አድርጋችሁ አቁሙት፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አድርጉ። የውስጡን ማሞቂያ መጨረሻ ድረስ ክፈቱ። ቀስ እያላችሁ ሙሉ፣ የላይኛውን ጎማ በእጅ ጨመቅ ለቀቅ እያደረጋችሁ አረፋውን አስወጡ፣ ከዚያ አስነሱት። “ቬንትሌተሩ እስኪነሳ ክዳኑ ክፍት ይቆይ” የሚለው የተለመደ መመሪያ እዚህ አይሠራም፤ ንጹህ ውሃ ከሆነ ቀድሞ ፈልቶ ይገነፍላል፤ ውህዱም ቢሆን መፍያው አፋፍ ላይ ይደርሳል። የታችኛው የራዲያተር ጎማ መሞቅ ሲጀምር ቴርሞስታቱ ተከፍቷል ማለት ነው፤ ያኔ ወዲያው ሙሉና ክደኑ። ቬንትሌተሩ ሁለት ጊዜ ተነስቶ እስኪጠፋ በሚኒሞ ይሥራ። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ እንደገና ከፍታችሁ የጎደለውን ጨምሩ። ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ከነፋ ውስጡ አየር ቀርቷል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ወደ ውጭ ሳይፈስ ውሃ ከጎደለ፣ ሞተሩ በቀዝቃዛነቱ እንደተነሳ በደቂቃ ውስጥ የላይኛው ጎማ ደረቅ እንጨት ከሆነ፣ ወይም ክዳኑ ተከፍቶ አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ፣ ጓርኒሲዮን መባል ያለበት አሁን ነው።

ሐረጎ መሃል ላይ ጌጁ ከተነሳ ኤሲ ዝጉ፣ ማሞቂያ ክፈቱ፣ ዳር ያዙ። እንፋሎት ከወጣ ሞተሩን አጥፉና ጠብቁ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት የአሉሚኒየም ቴስታታ ያጣምማል።

ወደ ጎማዎቹ

ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ሲያዝ ብቻ መሪው ከተንቀጠቀጠ ጉዳዩ የፊት ዲስክ ነው፤ የቸርኬ ባላንስ አይደለም። ከደሴ በከፍተኛ ማርሽ፣ በፍሬን ብቻ የሚወርድ መኪና ዲስኩን ያጋየዋል፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ማርሽ ለዚህ ነው ያለው። ፍሬን ሳይያዝ ከ80 እስከ 110 በሚሆን ፍጥነት ከተንቀጠቀጠ የፊት ባላንስ፣ ንዝረቱ መቀመጫ ላይ ከተሰማ የኋላ። ባላንስ ከማስደረጋችሁ በፊት የቸርኬውን የውስጥ ወገን እጠቡ። በክረምት የሚጣበቀው ጭቃ ሲደርቅ ራሱ ንዝረት ነው፤ ጭቃው ላይ የተለጠፈ የባላንስ እርሳስም ጭቃው ሲረግፍ ከንቱ ይሆናል።

ባላንስ ተደርጎም ካልተወው የቸርኬውን የመሃል ቀዳዳ ለኩ። ሴሊካ ላይ የሚቀመጥበት እምብርት 54.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ የዳዶ (ቸርኬውን የሚያስረው) ቀዳዳዎቹ 5 በ100 ናቸው፤ አምስት ቀዳዳ በ100 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ማለት ነው። የሱባሩ ኢምፕሬዛ ባለ 5 በ100 ቸርኬም ይገጥማል፤ የመሃል ቀዳዳው ግን 56.1 ነው። ያቺ የ2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ቸርኬውን ከመሃል ታስወጣዋለች፤ የባላንስ ማሽኑም አያየውም። መፍትሔው ከ56.1 ወደ 54.1 የሚያጠብ ቀለበት ነው። የሱባሩን ዳዶ ግን አብራችሁ አትውሰዱ። ሁለቱም 12 ሚሊ ሜትር ቢሆኑም የቶዮታው የጥርስ ርቀት 1.5፣ የሱባሩው 1.25 ሚሊ ሜትር ነው፤ በጉልበት ከገባ ቡሎኑን ይበላዋል። የዳዶው መቀመጫ ሾጣጣ ወይስ ጠፍጣፋ የሚለውም ከቸርኬው ጋር አንድ መሆን አለበት።

ቀጣዩ ቸርኬው ራሱ ነው። ባለ 205/50 16 ጎማ ግድግዳው አጭር ስለሆነ ጉድጓድና የኮብልስቶን ጠርዝ የቸርኬውን የውስጥ ከንፈር ያጣምማሉ። ሜዳ ቦታ ላይ በክሪክ አንሱትና መደገፊያ አድርጉለት፤ ካቻቢቴ ከንፈሩ አጠገብ ደግፋችሁ እያዞራችሁ ክፍተቱን ተመልከቱ። ከ1.5 ሚሊ ሜትር በላይ ከሄደ ከመጣ ተጣሟል። በእሳት አሙቆ የተቀጠቀጠ የአሉሚኒየም ቸርኬ ጥንካሬውን ያጣል፤ ደህና ያገለገለ መቀየር ይሻላል።

መኪናው እንደተነሳ ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ አወዛውዙ፤ ከላላ ኩሽኔታ (ጎማው የሚዞርበት) ወይም ቦል ጆይንት ነው። ከግራና ከቀኝ ብቻ ከላላ ቴስቲና (የመሪው ዘንግ ጫፍ) ነው። ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የሚጨምር ጉምጉምታ አብዛኛውን ጊዜ የግራው ኩሽኔታ ነው፤ መሪ ተጠምዝዞ ሲነዳ የሚሰማ ቀጭ ቀጭ ደግሞ ለጎማው ኃይል የሚያደርሰው የአክስል ጆይንት። የጎማውንም ዕድሜ ከጎኑ አንብቡ፤ 2319 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው።

ስትገጥሙ ዳዶዎቹን በኮከብ ቅርጽ እያፈራረቃችሁ እሰሩ፤ ልኩ 103 ኒውተን ሜትር ነው። የልክ ቁልፍ ከሌለ ግማሽ ሜትር እጀታ ጫፍ ላይ የ20 ኪሎ ያህል ጫና ይበቃል። እግር ጭኖ መዝለል ቡሎን ይስባል፣ ዲስክም ያጣምማል። ኮምቦልቻ ደርሳችሁ ስትመለሱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኗል፤ ቸርኬው ሲቀዘቅዝ ዳዶዎቹን በዚያው ልክ አንድ ጊዜ ደግማችሁ ፈትሹ።